ሁለት ጎድን ተረፈ

(መለያ ሙዚቃ)

ተማሪዎች ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ። ቡና እየቆላችሁ፣ ጥጥ እየፈተላችሁ ወይም መንገድ ላይ ሆናችሁ የምታዳምጡን ደግሞ ሥራችሁን አትተዉ፤ ጆሯችሁን ብቻ አውሱን። የዛሬው ትምህርት ሒሳብ ነው። ሰሌዳ ስለማታዩ ቁጥሮቹን ቀስ እያልኩ እጠራለሁ። የምንጀምረው ግን ከሰሌዳም ከመጽሐፍም አይደለም፤ ከቅርጫ ነው።

ወንዛዬን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ወገቡን ያመመው፣ ጉልበቱ የያዘው ሁሉ ስንቁን ቋጥሮ የሚሄድበት ፍል ውሃ ነው። በዚያው በኩል ጉማራ ወንዝ ያልፋል፤ ከጉና ተራራ ተነሥቶ ወደ ጣና ይወርዳል። እኔ ልጅ ሆኜ በዚያ አካባቢ ፋሲካን ያሳለፍኩበት ዓመት ነበር። ስምንት አባወራ አንድ በሬ ገዝተዋል። ገና ጎህ ሲቀድ በሬው ታረደ፣ ቅጠል ተጎዘጎዘ፣ ስምንት መደብ ተደለደለ። ሽንጡ፣ ዳቢቱ፣ ፍሪምባው፣ ሻኛው፣ ጉበቱ፣ ጨጓራው ሳይቀር በየመደቡ እየተቆረሰ ይቀመጣል። ለእኔ የተሰጠኝ ሥራ ጎድኑን መቁጠር ነበር።

በሬ በአንድ ጎኑ 13፣ በሁለቱም ጎኑ 26 ጎድን አለው። ሦስት ሦስት እያልኩ በስምንቱ መደብ ላይ አስቀመጥኩ። ሃያ አራቱ ሄደ። ሁለት እጄ ላይ ቀረ። ሥጋውን የሚደለድሉትን አዛውንት ሁላችንም አያ ነበር የምንላቸው።

«አያ፣ ሁለት ተረፈ» አልኳቸው።

«ይተርፋላ! ታዲያ ለውሻ ልትሰጠው ነው?» አሉና መጥረቢያውን አነሡ። አንዱን ጎድን አራት ቦታ፣ ሌላውንም አራት ቦታ ከተከቱት። ስምንት ቁራጭ ሆነ፤ ለየመደቡ አንድ ደረሰ። ሦስት ጎድን ከሩብ። ከዚያ ዕጣ ተጣለ፤ ሁሉም መደቡን እያነሣ ሄደ።

አያ መጥረቢያውን ባነሡ ጊዜ የሒሳብ ሊቃውንት ብዙ የደከሙበትን ነገር መሥራታቸው ነበር። እኔ የገባኝ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ትምህርት ቤት ሳለን «ይህ ስብስብ በመደመር ዝግ ነው፤ በመቀነስ ዝግ አይደለም» የሚል ሰንጠረዥ ተሰጥቶን በቃላችን ሸምድደን አልፈናል። ፈተናው ላይ አገኘሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ዛሬ ያንን ዕዳ እከፍላለሁ።

ዝግ የሚለውን ቃል በር እንደመዝጋት አትቁጠሩት። ማንም አይግባ ማለት አይደለም፤ ከውስጥ የተነሣ ወደ ውጭ አይወጣም ማለት ነው። ወንዞቻችንን አስቡ። ጉማራ ወደ ጣና ይገባል፤ ጣና ደግሞ ለአባይ ይሰጠዋል፤ አባይ ይዞት አገር ያቋርጣል። አዋሽን ተመልከቱ፤ ከጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ተነሥቶ በስምጥ ሸለቆ ይወርድና ባሕር ሳይደርስ አፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። የአዋሽ ተፋሰስ ዝግ ነው። የጉማራ አይደለም።

በቁጥርም እንዲሁ ነው። አንድ የቁጥር ስብስብ ውሰዱ። አንድ ስሌት ምረጡ፤ መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት ወይም ማካፈል። ከስብስቡ ውስጥ ያሻችሁን ሁለት ቁጥር አንሥታችሁ ስሌቱን ሥሩ። መልሱ ምንጊዜም እዚያው ስብስብ ውስጥ ከተገኘ ስብስቡ በዚያ ስሌት ዝግ ነው ይባላል። «ያሻችሁን» እና «ምንጊዜም» የሚሉትን ሁለት ቃላት አስምሩባቸው። የበሬው ጎድን 24 ቢሆን ኖሮ ለስምንት ሲካፈል ሦስት ሦስት ይደርስ ነበር፤ መጥረቢያ ባላስፈለገ። ይህ ግን የመቁጠሪያ ቁጥሮችን በማካፈል ዝግ አያደርጋቸውም። ሺህ ጊዜ ቢሳካና አንድ ጊዜ ቢያፈተልክ፣ ያቺ አንዷ ትበቃለች። እኛ ዘንድ ያፈተለከው 26 ለ8 ነው።

ሌላም ነገር ልብ በሉ፤ «ይህ ስብስብ ዝግ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን ጥያቄ አይሆንም። በምን ስሌት? መባል አለበት። የመቁጠሪያ ቁጥሮችን፣ ማለትም 1፣ 2፣ 3 እያልን የምንቀጥላቸውን፣ ደምሩ፤ አይወጡም። አባዙ፤ አይወጡም። ቀንሱ ሲባል ግን ችግር ይመጣል። ከስምንት ስምንት ሲቀነስ ምን ቀረ?

ምንም። እሺ፣ «ምንም»ን በግዕዝ አኃዝ ጻፉልኝ እስቲ። አሐዱ አለ ፩፣ ዐሥሩ አለ ፲፣ መቶው አለ ፻፣ እልፉ አለ ፼። ዜሮ የለም። የግዕዝ አኃዝ ከግሪክ ፊደል የተወሰደ ነው፤ የግሪኮቹም የፊደል አቆጣጠር በተራው የዜሮ ፊደል አልነበረውም። ለመቁጠር ለተሠራ ነገር ይህ ጉድለት አይደለም፤ ማንም በግ ሲቆጥር ከዜሮ አይጀምርም። ጉድለቱ የሚታየው ስንቀንስ ነው። ስለዚህ ዜሮ ተጨመረ፤ መቁጠሪያ ቁጥሮች ከነዜሮው ሙሉ ቁጥሮች ተባሉ።

ይህም አልበቃም። ከሦስት አምስት ቀንሱ። የሱቅ ደንበኛ ሦስት ብር ይዞ የአምስት ብር ዕቃ ሲወስድ ባለሱቁ «አይቻልም» ብሎ አይመልሰውም፤ የዱቤ ደብተሩን አውጥቶ ሁለት ብር ዕዳ ይጽፍበታል። የሕንዱ የሒሳብ ሊቅ ብራህማጉፕታ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ628 ዓ.ም. በጻፈው መጽሐፍ ከዜሮ በታች ያሉትን ቁጥሮች ዕዳ፣ ከዜሮ በላይ ያሉትን ሀብት እያለ ነው ደንብ ያወጣላቸው። ዕዳ በዕዳ ላይ ሲደመር ዕዳ፤ ዕዳ በዕዳ ሲባዛ ሀብት። የመጨረሻዋን ባለሱቆች አይወዷትም፤ በደብተራቸው ላይ ዕዳን በዕዳ የሚያባዛ ሰው ገጥሟቸው አያውቅምና።

ዕዳ የማይወድ ካለ ውርጭን ያስብ። የጉና ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ከሥሩ ድንች የሚተክል የፋርጣ ገበሬ ሰማዩ ጥርት ባለ የጥቅምት ወይም የኅዳር ሌሊት ምን እንደሚሆን ያውቃል። ማታ 3 ዲግሪ የነበረው ሌሊቱን 5 ዲግሪ ቢወርድ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 2 ያሳያል። ጠዋት የድንቹ ቅጠል በፈላ ውሃ እንደተለበለበ ጠቁሮ ይገኛል። እዚያ ማሳ ላይ «ከሦስት አምስት አይቀነስም» ብላችሁ አትከራከሩም። ከዜሮ በታች ያሉትን ስንጨምር ድፍን ቁጥሮች ወይም ኢንቲጀሮች እንላቸዋለን፤ እነሱ በመደመር፣ በመቀነስ፣ በማባዛት ዝግ ናቸው። ማካፈል ብቻ ቀረ። ወደ አያ መጥረቢያ ተመለስን ማለት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አያ ሁለቱን ጎድን ሲከትፉ ክፍልፋይ ፈጠሩ። ድፍን ቁጥሮች ከነክፍልፋዮቻቸው በመማሪያ መጽሐፍ ንጥጥር ቁጥሮች ይባላሉ። ሩብ በሩብ ደምሩ፣ ከሦስት አራተኛ ግማሽ ቀንሱ፣ ግማሽን ለሩብ አካፍሉ፤ መልሱ ከንጥጥር አይወጣም። ቅርጫው ላይ ግን መጥረቢያ የማይሠራለት ነገር አለ። ቆዳው። ቆዳን ለስምንት ብትቆርጡት ስምንት የማይረባ ቁራጭ ነው የሚተርፋችሁ። ስለዚህ ቆዳው ተሸጠ፤ ብሩ ተካፈለ። ብልሃት ነው፤ የማይካፈለውን ነገር ወደሚካፈል ነገር መለወጥ።

ብርስ እስከ መጨረሻው ይካፈላል? 100 ብር ለስምንት ቢካፈል 12 ብር ከ50 ሳንቲም ይደርሳል፤ ጥሩ። ለሦስት አካፍሉት። ለእያንዳንዱ 33 ብር ከ33 ሳንቲም ደርሶ 1 ሳንቲም ትተርፋለች። ከሳንቲም በታች ገንዘብ የለንም፤ በእርግጥ አንድ ሳንቲምንም ዛሬ ኪሱ ውስጥ የሚያገኝ የለም። ወረቀቱ ላይ ግን መቶ ለሦስት ብለን ጽፈን እንገላገላለን። በማካፈል ዝግ የሆነው ንጥጥር ቁጥር ነው እንጂ ገንዘብ አይደለም።

በንጥጥር ቁጥሮችም ላይ አንድ «በቀር» አለች። ከዜሮ በቀር። 26 ጎድን ለዜሮ ሰው አካፍሉ ብላችሁ አያን ብታዝዟቸው መጥረቢያውን አስቀምጠው ያዩዋችኋል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ 26 ለ8 ስንል «በስምንት ሲባዛ 26 የሚሰጥ ቁጥር ማነው?» ማለታችን ነው። 26 ለዜሮ ስንል ደግሞ «በዜሮ ሲባዛ 26 የሚሰጥ ማነው?» ማለት ይሆናል። ማንም የለም፤ በዜሮ የተባዛ ሁሉ ዜሮ ነው። ዜሮ ለዜሮስ? አሁን ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል፤ ማንኛውም ቁጥር መልስ ልሁን ብሎ ይመጣል። አንዱ ጋ መልስ ጠፋ፣ ሌላው ጋ መልስ በዛ። ለዚህ ቀዳዳ አዲስ ቁጥር ጨምሮ መድፈን አይበጅም፤ ሌላውን ደንብ ያፈርሳል። ስለዚህ ሒሳብ በዜሮ ማካፈልን ክልክል ብላ ትታዋለች።

ተማሪዎች፣ አሁን ቶሎ ቶሎ እጠይቃለሁ። ጎዶሎ ቁጥሮች፣ ማለትም 1፣ 3፣ 5፣ 7 እያሉ የሚሄዱት፣ በመደመር ዝግ ናቸው? ሦስትና አምስት ስምንት፤ ወጡ። በማባዛትስ? ሦስት ጊዜ አምስት 15፤ ጎዶሎ በጎዶሎ ተባዝቶ ተጋማሽ ሆኖ አያውቅም። ዝግ ናቸው። ሦስት አባላት ብቻ ያሉት ስብስብ ልስጣችሁ፤ ዜሮ፣ አንድ፣ ከዜሮ በታች አንድ። በማባዛት ዝግ ነው፤ በመደመር ግን አንድና አንድ ሁለት ብለው አጥሩን ይዘላሉ።

አንዱ ላይ ልቆይ፤ መምህራንም ሲያልፉት አያለሁ። የቤት መሠረት የሚያወጣ ግንበኛ ማዕዘኑ መቅናቱን ለማየት በሜትር ሰያፉን ይለካል። ጎንና ጎኑ አንድ አንድ ሜትር የሆነ ካሬ ሰያፉ 1 ሜትር ከ41 ሳንቲሜትር ከትንሽ ይሆናል። ያቺ «ትንሽ» አታልቅም፤ በምንም ክፍልፋይ ልክ አትገለጽም። የ2 ስኩዌር ሩት የሚባለው ይህ ነው፤ ኢንጥጥር ቁጥር። ኢንጥጥር ቁጥሮች በርከት ያሉ ስለሆኑ ሰው ጠንካራ ስብስብ ይመስሉታል። ግን ይህንኑ ቁጥር በራሱ አባዙት፤ 2 ይመጣል፤ ድፍን። ለራሱ አካፍሉት፤ 1። ከራሱ ላይ ቀንሱት፤ ዜሮ። ከዜሮ በታች ካለው መንትያው ጋር ደምሩት፤ ያው ዜሮ። ኢንጥጥር ቁጥሮች ከአራቱ ስሌቶች በአንዱም ዝግ አይደሉም። ንጥጥሩንና ኢንጥጥሩን አንድ ላይ ስታደርጓቸው ግን እንደገና፣ ከዜሮ በቀር፣ በአራቱም ዝግ ይሆናሉ።

(አጭር ሙዚቃ)

እስካሁን መልሱ ሲያፈተልክ ስብስቡን ስናሰፋ ነው የቆየነው። ሌላ መንገድም አለ፤ ስብስቡን ሳያሰፉ መልሱን ወደ ውስጥ መመለስ። ይህንን ደግሞ የእኛ አገር የቆሎ ተማሪ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ደቡብ ጎንደር ለቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሩቅ አይደለም፤ የድጓ ምስክር ጋይንት ቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋስዕት ዙር አምባ ነው። ባሕረ ሐሳብ የሚባለው የዘመን ቁጥር፣ በትውፊት ለእስክንድርያው ፓትርያርክ ለድሜጥሮስ የሚሰጠው፣ ወረቀት ሳይነካ በጣት አንጓ እየተቆጠረ ሲሰላ የሰማ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል።

ከሳምንት እንጀምር። ጎረቤታችን ሐሙሲት ከተማ ስሟ ከሐሙስ የመጣ ነው። ከሐሙስ በኋላ አሥረኛው ቀን ምን ይሆናል? ሰባቱን ጣሉት፣ ሦስት ይቀራል፤ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ። አንድ ሚሊዮን ቀን ብትደምሩም ከሰባቱ ቀናት ውጭ አትወጡም። ሰዓታችንም እንዲያው ነው፤ በ10 ሰዓት ላይ አምስት ሰዓት ስትጨምሩ «15 ሰዓት» አንልም፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆነ እንላለን።

የ2018 ዓ.ም.ን ዘመን በባሕረ ሐሳብ እንሥራው፤ ጻፉ። 5500ን ስትጨምሩ 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለአራት ስታካፍሉት 1879 ደርሶ ሁለት ይቀራል፤ ሁለት ከቀረ ዘመኑ ማርቆስ ነው። 7518ና 1879 ሲደመር 9397። ሰባት ሰባቱን ገድፉ፣ ማለትም ጣሉ፤ ሦስት ይቀራል። ቁጥሩ የሚነሣው ከማክሰኞ ነው፤ ማክሰኞ አንድ፣ ረቡዕ ሁለት፣ ሐሙስ ሦስት። መስከረም 1 ቀን 2018 ሐሙስ ዋለ።

አሁን ወደ ጨረቃዋ። ፀሐይና ጨረቃ በየ19 ዓመቱ ወደ ቦታቸው ስለሚመለሱ 7518ን በ19 ገድፉት፤ 13 ይቀራል። ይህ መደብ ይባላል። የቅርጫውም ክምር መደብ፣ ይሄም መደብ፤ ቋንቋችን ደስ ይላል። ከመደቡ አንድ አንሡ፣ 12 ወንበር ይሆናል። ወንበርን በ11 አባዙ፣ 132፤ ሠላሳ ሠላሳውን ገድፉ፣ 12 ቀረ። አበቅቴ እሱ ነው። ወንበርን በ19 አባዙ፣ 228፤ ሠላሳውን ገድፉ፣ 18። ይህ መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ምንጊዜም ሲደመሩ ሠላሳ ይሆናሉ፤ 12ና 18፣ ሠላሳ። ካልሆነ ስሌታችሁን እንደገና እዩት።

ከመደቡ አንድ አንሡ አልኩ። መደቡ ራሱ አንድ ከሆነስ? 2025 ዓ.ም. እንደዚያ ነው፤ 7525 በ19 ሲገደፍ አንድ ይቀራል። አንድ ሲነሣ ምንም አይቀርም፤ ለምንም ደግሞ የግዕዝ አኃዝ መጻፊያ የለውም ብለን ነበር። ሊቃውንቱ ግን ቃል አላቸው፤ አልቦ። ወንበር አልቦ፣ አበቅቴ አልቦ፣ መጥቅዕ 30። አኃዝ የሌለውን ቁጥር በስም ጠርተው ሥራ ላይ አዋሉት። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ይገርመኛል። 2024 ላይ ደግሞ 7524 በ19 ተገድፎ ምንም አይቀርም። ከምንም ላይ አንድ ሊነሣ ነው፤ ዕዳ ውስጥ ሊገባ። አይገቡም፤ 19ኙን መልሰው ይይዙና አንድ ያነሡለታል፤ ወንበር 18። ወንበር ከአልቦ እስከ 18 ካሉት ቁጥሮች ወጥቶ አያድርም።

እንጨርሰው። መጥቅዕ 18 ስለሆነ፣ ከ14ም ስለሚበልጥ፣ መስከረም 18 ምን ቀን እንደሚውል እናያለን። መስከረም 1 ሐሙስ ከነበረ፣ 18 እሑድ ነው። ለየዕለቱ የሚደመር ቁጥር ተውሳክ ይባላል፤ የእሑዱ ሰባት ነው። 18ና ሰባት 25፤ መባጃ ሐመር የሚባለው ይህ ነው፤ የነነዌ ጾም የሚገባበትን ቀን ይሰጣል። ነነዌ ጥር 25 ገባ፤ ሰኞ። ከነነዌ እስከ ትንሣኤ 69 ቀን ነው፤ ሁለት ወር ከ9 ቀን። ጥር 25 ላይ ሁለት ወር ስትጨምሩ መጋቢት 25፤ ዘጠኝ ስትጨምሩ መጋቢት 34። መጋቢት 34 የሚባል ቀን የለም፤ ሠላሳውን ጣሉት፤ ሚያዝያ 4። የ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን ዋለ። በሬ የሚታረደው፣ ጎድን የሚቆጠረው፣ መጥረቢያ የሚነሣው እንዲህ ተሰልቶ በሚገኝ ማለዳ ነው።

አንድ ጨዋታ ጨምሬ ልሰናበት። ሰባት ሰባቱን እየገደፍን በምንቆጥርበት በሳምንቱ ዓለም ማካፈልም ይቻላል። አንድን ለሁለት አካፍሉ፤ «በሁለት ተባዝቶ አንድ የሚቀር ማነው?» አራት ነው፤ ሁለት ጊዜ አራት ስምንት፣ ሰባት ሲገደፍ አንድ። በሳምንቱ ዓለም ግማሽ ማለት አራት ነው። በሠላሳው ዓለም ግን የአንድን ግማሽ ፈልጋችሁ አታገኙም፤ ሁለት ጊዜ ማንኛውም ቁጥር ተጋማሽ ነው፣ ሠላሳ ብትጥሉለትም ተጋማሽ ሆኖ ይቀራል። ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ተማሪዎች አስቡበት፤ ፍንጩ ሰባት ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው አለመኖሩ ነው።

ታዲያ እኔ የአያን ቅርጫ በሳምንቱ ዓለም ሠራሁት። 26 በሰባት ሲገደፍ አምስት። ስምንት በሰባት ሲገደፍ አንድ። አምስት ለአንድ፣ አምስት። ለየመደቡ አምስት ጎድን ይደርሳል፤ ምንም አይተርፍም፤ መጥረቢያም አያስፈልግም። ባለፈው ፋሲካ ለአያ ነገርኳቸው። በጣታቸው ቆጠሩ፤ ስምንት ጊዜ አምስት፣ አርባ። ከዚያ አዩኝና «አንተ ልጅ፣ አሥራ አራቱን ጎድን ከማን በሬ ልታመጣ ነው?» አሉኝ።

(መለያ ሙዚቃ)